የውሰት ታሪክ

ልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲነሳ ወንድሟ ከቤት ይወጣ ነበር። ዝናብም ይሁን ብርድ፣ ምግብ ቀርቦም ይሁን እንግዳ ተቀምጦ፣ ማሽኑ ውሃ መሳብ ጀምሮ ያን የታፈነ ድምፁን ሲያሰማ በእጁ የያዘውን ያስቀምጥና ጫማውን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ እየጎተተ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ሩቅ አይሄድም። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል፣ የጎረቤት ብስክሌት በሰንሰለት ከታሰረበት ብረት አጠገብ፣ ደረጃው ላይ ኩርምት ብሎ ማሽኑ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። ትንሿ እንዲያውም አጎቷ ሲሮጥ ለማየት ብላ ባዶ ማሽን አስነስታ ከእናቷ ጥፊ ቀምሳለች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ከሶፋው ላይ ትራስ አንስታ ደረጃው ድረስ ትወስድለት ጀመር። ለምን እንደሚወጣ ግን ማንም አልጠየቀውም። የልጆቹ እናት የሆነችው እህቱና ባሏ ምክንያቱን አሳምረው ያውቁ ነበርና ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ።

ወንድሟ ከአገር የሚባረሩ ስደተኞች ማቆያ ከተወሰደ ወዲህ ማሽኑ እንደ ልቡ ይዞራል። ዛሬ ጠዋትም እየዞረ ሳለ ስልኳ ጠራ። እሷ ሆቴል ቤት አልጋ አንጣፊ ናት፤ የሥራ ልብሷን አጥባ ለከሰዓት ልታደርስ ነበር። ቁጥሩ የማቆያው መሆኑን ስታይ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብታ በሩን ዘጋች፤ የማሽኑ ድምፅ በስልክ እንዳይሰማው ብላ አንድ ፎጣ በበሩ ሥር ወሸቀች። ወንድሟ ሰላምታውን አስረዘመ። ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ ስለ ወገቧ ሕመም ጠየቀ፣ ከዚያ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ተረጋግቶ፣ "ዛሬ ማታ ነው አሉኝ፣ እታለም" አላት። በልተህ ነበር ወይ አለችው። በልቻለሁ አለ። የተፈቀደው ሰዓት አልቆ መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሰማ። አንጣፊዋ ለሆቴሉ ተቆጣጣሪ ደውላ ልጄ ታማለች አለች። የትኛዋ ስትባል ትልቋ አለች፤ ወዲያው ሟርት እንዳይሆንባት ፈርታ አፏን ያዘች።

ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠው ቢሮ ከጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ደረጃው የማስቲሽ ሽታ ይሸታል። በመጀመሪያው ክፍል ሰዎች የፕላስቲክ ፋይላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ሁለተኛው ውስጥ የወንድሟን ጉዳይ የያዘችው ጠበቃ አለች። ባለጉዳዮቿ "ነፃዋ" ነው የሚሏት፣ ስለማታስከፍል። እሷ ግን ከሁሉም የባሰች እስረኛ ናት፤ ስልኳ አያስነጥሳትም፤ ጠዋት አንዴ የገመጠችው ፖም ማታ ድረስ ጠቁሮ ጠረጴዛዋ ላይ ይቆያል። አንጣፊዋ ስትገባ ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ ነበር። አንድ ሸበቶ ሰውዬ፣ "ነፃ ስለሆነ እኮ ነው የረዘመው፤ ሲኦልም መግቢያው በነፃ ነው፣ ለዚህ ነው የሚጨናነቀው" ብሎ ሁለት ሦስት ሰው አሳቀ። የዛሬ ማታ በረራ መሆኑን ስትነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። ቀልደኛው ራሱ ተነስቶ በሩን አንኳኳላት።

ነፃዋ ወሬውን ከሷ በፊት ሰምታ ነበር። ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ትመስላለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። የአገሩ ፍርድ ቤቶች በር ሁሉ ስለተዘጋ፣ ባሕር ማዶ ወዳለው የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ አስቸኳይ አቤቱታ ልካለች። ኮሚቴው አንድ ደብዳቤ ከጻፈ አውሮፕላኑ ያለ አንጣፊዋ ወንድም ይሄዳል፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይታለች። መልሱም በጥሩ ፍጥነት መጥቷል። ጠባሳዎቹን አይተናል፣ የሐኪሙን ወረቀት አንብበናል፣ አሳስቦናል ይላል። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው መልስ ካላገኘ ወደፊት መሄድ አይቻልም። ጥያቄው የመጣው የወንድሟን ማመልከቻ ውድቅ ካደረገው ከዚህ አገር የስደተኞች መሥሪያ ቤት ውሳኔ ነው። ጠበቃዋ ወረቀቱን አንስታ ቀስ ብላ አነበበችላት፤ "አመልካቹ ያቀረበው ታሪክ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው አቅርቦ ጥገኝነት ካገኘበት ታሪክ ጋር፣ ከውሃ ቦቴው እስከ ፓምፕ ቤቱ፣ ከፓምፕ ቤቱ እስከ ጠባቂው ጥያቄ ድረስ አንድ ነው። ስለዚህ አመልካቹ ታሪኩን ከሌላ ሰው ተውሷል ብለን እናምናለን።"

"የዚያኛው ሰው ስም ተሰርዟል፣ ማን እንደሆነ አላውቅም" አለች ነፃዋ። "ግን ወንድምዎን አምነዋለሁ። ይህን ያህል ጠባሳ ተውሶ የሚመጣ ሰው አላየሁም። ታሪኩ እንዴት ከሌላ ሰው ጋር አንድ ሊሆን እንደቻለ ማስረዳት ከቻልኩ ነገሩ አለቀ። እስከ አስር ሰዓት ነው የሚጠብቁኝ።"

አንጣፊዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች። ታሪኩ እንዴት አንድ እንደሆነ በዚህች ምድር ላይ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት። ወንድሟ በአገሩ የከተማው ውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር። አንድ ጠዋት ቦቴውን ይዞ የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ እንዲያጥብ ታዘዘ። ማታ ወታደሮች ተኩሰውበት ያደሩ ግቢ ነው። አጠበ። ያጠበውን ለአንድ ጓደኛው ተናገረ። ከዚያ የውሃ ማከፋፈያው ፓምፕ ቤት ውስጥ ለወራት አስረው አስቀመጡት። አንድ ትሁት ጠባቂ ነበረ፤ ሁልጊዜ ማሰቃየቱን ከመጀመሩ በፊት "ውሃ ጠጥተሃል?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ፓምፑን ያስነሳል፤ ፓምፑ ሲጮህ የሰው ጩኸት ወደ ውጭ አይሰማም። ሲለቁት አክስቱ ቤት ተደብቆ ይህን ሁሉ ለእህቱ በስልክ ነገራት። ያኔ እሷና ባሏ እዚህ አገር ገና መግባታቸው ነበር። ባሏ ለምን መጣህ ቢሉት ከእውነቱ ሌላ መልስ አልነበረውም፤ ሥራ ፍለጋ። ሥራ ፍለጋ ያለ ደግሞ በመጣበት ይመለሳል። በነሱ ሰፈር ሰው ለቃለ መጠይቅ ሱፍ እንደሚዋዋሰው ታሪክም ይዋዋሳል፤ አንዱን ያስገባ ታሪክ ለሌላው ይሰጣል፣ ነውርም የለውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ወንድሟ መንገድ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ታሪኩ ለሱ ካልጠቀመው ለነሱ ይጥቀማቸው አሉ። ባሏን ያስጠናችው እሷ ራሷ ናት። ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ጠባቂው ምን አለህ?" ትለዋለች። "ውሃ ጠጥተሃል?" ይላታል። "ከዚያስ?" ትለዋለች። ወር ሳይሞላው እንደ ውሃ ጠጣው።

አንጣፊዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ቢገኝስ ብላ ጠየቀች። ነፃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ሲበራና እዚያው ሲጠፋ ታየ፤ ገብቷታል። ከመናገርዎ በፊት ይስሙኝ አለቻት። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚነገር ከክፍሉ አይወጣም፤ አቤቱታው ውስጥ የገባ ግን ቅጂው ለመንግሥት ይደርሳል። በሰው ታሪክ ወረቀት ያገኘ ሰው ወረቀቱን ሊነጠቅ ይችላል፤ በሱ ሥር ያገኙትም፣ ሚስትም ልጆችም፣ ከሱ ጋር። እኔ የወንድምዎ ጠበቃ እንጂ የርስዎ አይደለሁም፤ ይፈርሙ ብዬ መምከር አልችልም፤ አይፈርሙ ብዬም አልመክርም አለች። አንጣፊዋ እመለሳለሁ ብላ ወጣች።

ባሏ የሚሠራው መኪና እጥበት ነው። ከሩቅ የሚሰማው ፓምፑ ነው። ትልቅ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያጓራ ፓምፕ፤ አጠገቡ ለመነጋገር ጆሮ መጠጋት ያስፈልጋል። ባሏ የላስቲክ ቡትስ አድርጎ በግራ እጁ ጎማ ይዞ አንድ ጭቃ የበላው ፒክአፕ ላይ ውሃ ይለቃል። ያፏጫል። ስንት ዓመት ስታየው ልብ ያላለችውን ዛሬ አየች፤ የፓምፕ ቤቱ ሰው ነኝ የሚለው ባሏ ፓምፑን ተደግፎ ነው የሚያፏጨው። ሲያያት ፉጨቱን አቋረጠ። ሥራ ትታ በዚህ ሰዓት ከመጣች ነገሩ ምን እንደሆነ ለመገመት አዋቂ አያስፈልገውም። ፓምፑን አጠፋ፤ ያለ ፓምፑ ድምፅ ግቢው ባዶ ቤት ሆነ።

ሁሉንም ነገረችው። እሱ ሲሰማ ከቡትሱ ላይ ሳሙናውን በጎማው ጫፍ ይጠርግ ነበር። ትልቋ ዘንድሮ ፈተና እንዳለባት አነሳ፤ ትንሿ የአገር ቤቱን ቋንቋ እንኳ አጥርታ እንደማትናገር አነሳ። ተመለሱ ቢባሉ የሚመለሱበት ቤት እንደሌለ፣ ያለውን ሸጠው እንደመጡ አነሳ። ይህ ሁሉ እውነት ነበር፤ ውሸት ቢሆን ይቀላት ነበር።

"ከራስ በላይ ነፋስ የምል ሰው አይደለሁም፣ ታውቂያለሽ" አለ በመጨረሻ። "ግን አንቺ አይደለሽ እንዴ የሰጠሽኝ?"

አንጣፊዋ ወደ ጠፋው ፓምፕ ዞረች።

"ፈርሚ ካልሽ ፈርሚ፣ አልከለክልሽም" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ግን አልመጣም። ፈርቼ ብቻ አይደለም። እዚያ ጠበቃዋ ፊት ቁጭ ካልኩ አፌ ያንኑ ታሪክ ነው የሚያወራው። ሌላ አያውቅም።" የፒክአፑ ባለቤት ከወዲያ ጥሩምባ ነፋ። ባሏ እጁን ዘርግቶ ፓምፑን አስነሳው።

በአውቶቡስ ስትመለስ አንድ ምሽት ትዝ አላት። ወንድሟ ከመጣ በኋላ ነው፤ ማመልከቻው ገና ሳይወድቅ። ቤት እንግዶች ነበሩ፤ ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስለ እስር ተነሳ፣ ባሏም እንደ ልማዱ ጀመረ። ቦቴውን፣ ግቢውን፣ ፓምፑን። ሲያወራ ያለቅሳል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ እሱ ግን ከሰው አንጀት ነበር የሚያለቅሰው፤ እንባውም አይገድም ነበር። እንግዶቹ አብረው አለቀሱ። ወንድሟ በሩ አጠገብ ሳህኑን ይዞ ተቀምጦ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ብትገባ በወደደች። ወንድሟ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ባሏ "ውሃ ጠጥተሃል?" የሚለው ቦታ ሲደርስ ሳህኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። እንግዶቹ ሲሄዱ ወንድሟን ደረጃው ላይ ተከትላው ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። "ጥሩ ነው የሚያወራው፤ እኔ እንደዚያ መናገር አልችልም" አላት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር በመካከላቸው አንድ ቃል አልወጣም።

ቢሮው ስትደርስ ወረፋው ቀንሶ ነበር። ገብታ ሳትቀመጥ ተናገረች፤ የባሏን ስም፣ የስልኩን ጥሪ፣ የሽንኩርቱን ጥናት፣ ሁሉንም። ነፃዋ ሳታቋርጣት ጻፈች፤ ጽፋ ጨርሳ አነበበችላት፤ ፊርማ የሚያርፍበትን ቦታ አሳየቻት። ከመፈረምዎ በፊት ግን ወንድምዎን መጠየቅ አለብኝ አለች፤ አቤቱታው የሱ ነው፤ እሱ ያልፈቀደው ነገር በስሙ አይሄድም። ችግሩ በፈቃደኝነት የሚያስተረጉሙላት ጡረተኛ መምህር አንዲት ወላድ ይዘው ሆስፒታል ሄደዋል። ቤተሰብ ማስተርጎም ደንብ አይደለም፤ ነፃዋ ሰዓቷን አይታ፣ ግድግዳውን አይታ፣ "ሌላ ሰው የለኝም" አለች። ወደ ማቆያው ደወለች፤ ስልኩን በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠቆረው ፖም አጠገብ አኖረችው።

ወንድሟ መጀመሪያ የጠየቀው ልጆቹ ትምህርት ቤት መሄዳቸውን ነው። ሄደዋል አለችው። ከዚያ ነፃዋ ያለችውን አንድ በአንድ ነገረችው። ምክንያቱን እንደተናገረች፣ ወረቀቱ እንደተዘጋጀ፣ የሱ እሺታ ብቻ እንደቀረ። ከስልኩ ወዲያ አንድ ሰው ሲያስል፣ አንድ ከባድ በር ሲዘጋ ተሰማ።

"ጠበቃዋ አጠገብሽ ናት?" አለ።

"ናት። ቋንቋችንን ግን አታውቅም።"

"ደህና። እንግዲህ እንደምነግርሽ ንገሪያት፤ አንዲት ቃል እንዳትለውጪ። እህቴ እኔን ለማዳን ብላ የፈጠረችው ነው በያት። ታሪኩ የባሏ ነው። ከሱ ሰምቼ ነው የወሰድኩት፤ ይኸው ነው በያት።"

"ምን ነካህ? ይወስዱሃል እኮ።"

"ትንሿ እኮ ትራስ ታመጣልኝ ነበር" አለ። "ደረጃው ላይ። ልጅቷ የምታድርበትን ቤት ላፍርስ? በያት፣ እታለም።"

ነፃዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ፊቷን እያየች ትጠብቃለች። እሺ ብሏል ማለት ይቻላል። ሁለት ቃል ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ሰው የዚህን አገር ቋንቋ ከሰላምታ አልፎ አያውቅም፤ ማንም አይሰማትም። አንጣፊዋ ሁለቱን ቃላት አፏ ውስጥ አዘጋጀቻቸው። ያን ጊዜ ከኀዘኑ ቀድሞ፣ ከፍርሃቱም ቀድሞ፣ አንድ ሌላ ነገር ደረቷ ላይ ሲፈታ ተሰማት። እፎይታ ነበር። ወንድሟ ባለው ነገር እፎይ ብላለች። ልጆቿ ይተርፋሉ። ይህን በገዛ ራሷ ውስጥ ስታገኘው ራሷን ጠላች፤ የናቷን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰጠው ታያት። ቢሆንም እፎይታው አልሄደላትም። ወንድሟ ያለውን አንዲት ቃል ሳትለውጥ ተረጎመች።

ነፃዋ አልጻፈችም። ለረጅም ጊዜ አየቻትና፣ "ይህ እውነት ነው?" አለች።

"እሱ ያለው ይህንን ነው" አለች አንጣፊዋ።

ጠበቃዋ ሞኝ አልነበረችም። ነገር ግን ባለጉዳዩ ታሪኩ የኔ አይደለም እያለ የሱ ነው ብላ በስሙ መጻፍ አትችልም። እንዲያስብበት ለመነችው፤ አንጣፊዋ ልመናውን ተረጎመች። እሱም አመሰገነ። እግዜር ይስጥልኝ በያት፣ ለኔ ስትደክም ነው የከረመችው አለ፤ አንጣፊዋ ይህንንም ተረጎመች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነፃዋ ያልተፈረመበትን ወረቀት ለአራት ቀደደችው፤ ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር ያላትን ሁሉ አሰባስባ ያለ መልሱ ላከችው። ጠበቁ። ሁለቱም አንድ ጊዜ ፖሙን አዩት። የኮሚቴው ምላሽ አጭር ነበር፤ ለቀረበው ጥያቄ ማብራሪያ ስላልተሰጠ በረራው እንዲቆም መጠየቅ አልተቻለም። ነፃዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆየችና፣ ይቅርታ አለች። አንጣፊዋ እርስዎ ምን አጠፉ ብላ ተነሳች። በሩ ላይ ያ ቀልደኛ ሸበቶ ፋይሉን አቅፎ ቆሟል፤ ተራው ደርሶ ነበር። ፊቷን አይቶ መንገድ ለቀቀላት።

ቤት ስትደርስ ባሏ ቀድሟት ገብቶ ልጆቹን አብልቷል። ትልቋ ጠረጴዛው ላይ ታጠናለች፤ ትንሿ ወለሉ ላይ ተንጋልላ ሥዕል ታያለች። አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ብላ ጠየቀች። ማንም ያልመለሰላትን ጥያቄ ስለለመደች ወደ ሥዕሏ ተመለሰች። አንጣፊዋ ጫማዋን አወለቀች። ሶፋው ጠርዝ ላይ የወንድሟ ብርድ ልብስና አንሶላ ከተወሰደ ጀምሮ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ አልጋ ማንጠፍ ሥራዋ ነውና ማዕዘናቸው አንድ ላይ ገጥሟል። ባሏ እሷን ሳይሆን አንሶላውን እያየ ነው የተናገረው።

"ፈረምሽ?"

"አልፈረምኩም።"

ሲተነፍስ ሰማችው። እሷ ቢሮ ውስጥ የተነፈሰችው ዓይነት ትንፋሽ ነበር፤ ስለዚህ ልትቆጣው አልቻለችም። ከዚያ፣ ወንድምሽ ስለኔ ምን አለ ብሎ ጠየቃት።

"ታሪኩ ያንተ ነው ብሏል" አለችው። "ከሱ ነው የሰማሁት ብሏል። እንግዲህ ያዘው።"

ባሏ አላለቀሰም። ያን ታሪክ ባወራ ቁጥር ሲወርድ የኖረው እንባ ዛሬ ከየትም አልመጣም። አንጣፊዋ አንሶላውንና ብርድ ልብሱን አቅፋ ሄዳ ማሽኑ ውስጥ ከተተች፤ ዱቄቱን ጨመረች፤ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ጠቅ ብሎ ውሃ መሳብ ጀመረ። ያ የታፈነ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ትንሿ ቀና ብላ ሶፋው ላይ ያለውን ትራስ አየች፣ ቀጥላም እናቷን አየች። ባሏ ተነሳ። ጫማውን በጣቶቹ ጫፍ እየጎተተ ወደ በሩ ሄደ፤ እጀታውን ያዘ፤ በሩ ተከፍቶ የደረጃው ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ።

"ቁጭ በል" አለችው አንጣፊዋ።

በሩን መልሶ ዘጋና ቁጭ አለ። ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ ሁሉም በየቦታቸው ቆዩ።